ትራስ ያረገዘችው ሴት

የልጅቷ እናት ከሥራ የተባረረችው በአንድ ትራስ ምክንያት ነው።

የሚስጥር ሰነድ የሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ ጥበቃ ነበረች። ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ድርብ ነው። የሚገባ ሰው ስልኩን ውጭ ባለው ሳጥን ቆልፎ፣ ካርዱን አስነክቶ፣ ብቻውን ይገባል። አንድ ካርድ፣ አንድ ሰው። የፈለገው ሹም ቢሆን ካርድ ካልያዘ "ይመለሱ ጌታዬ" ብላ ፊቷን ታዞርበታለች። ባልደረቦቿ "መዝጊያዋ" ይሏት ነበር። ስድብም ሙገሳም ነው፤ እሷ ግን ሙገሳውን ነው የያዘችው።

ኋላ የክፍሉን ጥበቃ እንደ አዲስ የሚነድፍ ኢንጂነር መጣ። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት ድርብ በር ይሠራ ቢል አለቆቹ "ምን ጎድሎብን? ጥበቃ አለን አይደል እንዴ!" ብለው መለሱት። እንግዲህ ጥበቃ የበር ምትክ እንደማይሆን ማሳየት ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ እናቷ አጠገብ ወንበር ስቦ መቀመጥ አመጣ።

"እማማ፣ እንዴት አደሩ? ልጅዎስ፣ አልደረሰችም?"

እናቷ ደግሞ ለጠየቃት ሰው ምንም አትደብቅም። የልጇ መውለጃ ወር መግባቱን፣ የጽንሱ አባት ሥራ ፍለጋ ብሎ ሄዶ ድምፁ መጥፋቱን፣ እግሯ አብጦ ደረጃ መውጣት እንዳቃታት ሁሉንም ዘረገፈችለት። እቤት ገብታም "እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ! ስላንቺ ሳይጠይቀኝ አይውልም" አለቻት። ልጅቷም ያበጠ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ "እድሜ ይስጠው" አለች።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት እርጉዝ በሩ ላይ መጣች። ሆዷ ቀድሟታል፣ እቅፏ ሙሉ ፋይል ነው፣ እግሯን ትጎትታለች።

"እትዬ፣ ካርዴ ኪሴ ውስጥ ነው። ይሄን ካወረድኩት ጎንበስ ብዬ ማንሳት አልችልም።"

እናቷ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ የራሷን ካርድ አስነክታ በሩን በእግሯ ደግፋ ያዘችላት። "ግቢ የኔ ልጅ። በሰላም ይገላግልሽ።"

ሴትዮዋ ገባች። ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ጥላ፣ እጇን ከልብሷ ሥር ሰዳ ትራሱን መዥረጥ አደረገችው። የኢንጂነሩ ጸሐፊ ኖራለች።

"አይቀየሙኝ እማማ" አለ ኢንጂነሩ ከኋላ ብቅ ብሎ። "እኔ የምፈልገው በየት በኩል እንደሚከፈቱ ማወቅ ነበር።"

"ጌታዬ፣ ልጄ ልትወልድብኝ ነው!"

"አውቃለሁ፣ ነግረውኛል" አላት።

ለጡረታዋ ጥቂት ሲቀራት ዩኒፎርሟን አስረከበች። ድርብ በሩም ተሠራ።

ሕፃኑ ተወልዶ ቁጭ ማለት ሲጀምር፣ ያው መሥሪያ ቤት የጥበቃ ሠራተኛ እንደሚቀጥር ተሰማ። ልጅቷ ከአንዱ ደጅ ሌላው ደጅ ስትል ጫማዋ አልቋል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይን ደግሞ እሷ ላይ ነው። "ሂጂ" አለቻት እናቷ ሕፃኑን እየተቀበለቻት። "የማን ልጅ እንደሆንሽ ብቻ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ኢንጂነሩ መብራት አስጠፍቶ ግድግዳው ላይ ያን ቀን በሩ ላይ በድብቅ የተቀረፀውን ቪዲዮ ለቀቀ። የሷ እናት! ግራ ቀኝ ስታይ፣ በሩን በእግሯ ስትደግፍ። "በሰላም ይገላግልሽ" የምትለዋ ላይ ሲደርስ መልሶ አጫወተው። ከጎኗ የተቀመጠው ጎረምሳ "ኧረ ትራሱ መንታ ይሁን በሏት!" አለና አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

"አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው" አለ ኢንጂነሩ። "ጥበቃዋ ምን አጠፋች?"

"አዘነች።"

"ጎበዝ! አንቺ ብትሆኚስ?"

"አልከፍትም።"

"እዚያው ምጥ ቢይዛትስ?"

"ውጭ ትውለዳ።"

እንደገና ተሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ከማንም በላይ ጎልቶ ለራሷ ተሰማት። ስሟም ከተቀጠሩት መጀመሪያ ተጠራ።

አዲሱን ዩኒፎርም ይዛ እቤት ስትደርስ እናቷ ሕፃኑን እሹሩሩ ትላለች። መቀጠሯን ሰምታ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ሕፃኑ እንዳይነቃባት ተወችው።

"አሁንም ያሳያሉ?" አለች።

"ምኑን?"

"ትራሷን ነዋ።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

"ሳቅሽ?"

"ሳቅኩ እማዬ።"

"እንኳን ሳቅሽ። ብታለቅሺ ያውቁሽ ነበር።" ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው። "ስመርቃት ድምፄ ይሰማል?"

"ጥርት ብሎ ይሰማል።"

"የሚስቁት እዚያ ላይ ነው?"

"እዚያ ላይ ነው።"

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኝታ "በይ ተኚ" አለቻት። "ዩኒፎርሙን ጠዋት እተኩስልሻለሁ። አንገቱ ላይ ይጨማደዳል፣ አውቀዋለሁ።"