ከሰባት ቁጥር ደጃፍ ማለፍ

ሴሩዋያ ስትስቅ ሳቋ ከባሕሩ ማዶ መንደሯ ናሴሬ ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። የተጋነነ ነው፤ ባሕሩ በጀልባ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ቢሆንም ናኩሲ ደሴት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራዋን የበላችው በዚያው ጉሮሮዋ ነው። በየማለዳው ነጩ መርከብ ሦስት መቶ ወጣት በቁምጣ አሸዋው ላይ ዘርግፎ ሲሄድ፣ በዘፈን ከሚቀበሉት ሴቶች መሪዋ እሷ ነበረች። ባሏ ኤሞሲ ጊታሩን ይመታል፣ እሷ አበባ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ማታ መርከቡ ሲመለስ ደግሞ መሸኛውን ትዘፍናለች፤ ከተሳፋሪው ግማሹ ያለቅሳል። ለምን እንደሚያለቅሱ አንድም ቀን ገብቷት አያውቅም። የቆዩት ስምንት ሰዓት ነው።

ያ ሁሉ ቀረ። የሆቴሉ አዲስ ባለቤቶች መጡና ለሚያድሩት ጥቂቶች የተዘረጉትን ተደራራቢ አልጋዎች ነቀሉ፣ ነጩን መርከብ ከለከሉ፣ ሁለት ዓመት ዘግተው ሠሩና አሥራ ሁለት ቤት ብቻ ይዘው ከፈቱ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ መዋኛ ገንዳ አለው። ባሕሩ ሦስት እርምጃ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ገንዳው ለምን እንዳስፈለገ ናሴሬ ውስጥ ዛሬም ይከራከሩበታል።

የዱሮ ሠራተኞች ሲመለሱ ሦስት ሳምንት ዝምታ ተማሩ። ጫማቸው ሳይሰማ መራመድ ተማሩ፤ በር ሳያስጮኹ መክፈትም፣ ትራስ ሳይጠፈጥፉ ማሳበጥም። ሕጉ አጭር ነበር፤ እንግዳ አያይሽም፣ እንግዳ አይሰማሽም። ቤት የሚጸዳው እንግዳው ሲወጣ ነው፤ ሠራተኛ የሚሄደው ከቁጥቋጦው ጀርባ በተሠራው መንገድ ነው። ሦስት ጊዜ የታየ ወይም የተሰማ ይሰናበታል። ሴሩዋያ በመጀመሪያው ሳምንት ኮሪደር ላይ ስቃ አንድ አስመዘገበች። በሁለተኛው፣ ሳታስበው ለአንዲት እንግዳ «ቡላ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ሁለተኛውን። ሥራ ቀይሪ እንዳትባል፣ የጎሳዋ ሽማግሌዎች ደሴቱን ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት አከራይተውታል፤ በዚያ በኩል ሌላ ቀጣሪ የለም።

ሦስተኛ ግን አላስመዘገበችም። ምክንያቱን አለቆቿ በሥልጠናው አመካኙ። እውነቱ ሌላ ነበር፤ ኤሞሲ ሞተ።

በእነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት የቅርብ ዘመድ ከሚወደው ነገር አንዱን እስከ መቶኛው ሌሊት ይተዋል። የኤሞሲ ወንድም ዓሣ ተወ። ሴት ልጁ ኳስ ተወች። ሴሩዋያ ዘፈን ተወች። በመቶኛው ቀን፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ የኤሞሲ ታላቅ እህት ቪሊማይና ምንጣፍ ላይ ታስቀምጣትና ከፀጉሯ ቆረጥ አድርጋ «ይበቃል» ትላታለች። ከዚያ ትዘፍናለች። እስከዚያ ግን ሆቴሉ ዝም ያሰኛት ይሁን ሐዘኑ፣ ራሷም ለይታ መናገር አቅቷት ነበር። ለዚህ ነው ያን ቀን እንደዚያ የጓጓችው። ከሁለቱ ማሰሪያ አንዱ ይፈታላታል።

መቶኛው ማክሰኞ ላይ ዋለ። ዐሥር ሰዓት ላይ እንድትሄድ ተፈቀደላት፤ የመጨረሻዋም ጀልባ በዐሥር ትነሳለች። ጀልባዋን የሚነዳው ጆኔታኒ የአክስቷ ልጅ ነው። እንዲህ ያሉ ዘመዶች ሲገናኙ መሰዳደብ ግዴታቸው ነው፤ ጠዋት ሲያያት፣ ከዘገየሽ ጥዬሽ እሄዳለሁ፣ ያንቺን ክብደት ተሸክሞ ሞተሩ ስንት ዘመን ተሰቃየ አላት። ድሮ ጀልባዋ ሰው እስኪሞላ ትጠብቅ ነበር። አሁን በደቂቃ ነው የምትነሳው።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሰባት ቁጥር ገባች፤ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። እንግዳው ብቻውን የመጣ አውስትራሊያዊ ሽማግሌ ነው፤ ለመዋኘት ወጥቷል ተብላለች። በድንጋይ የታጠረውን መታጠቢያ ወልውላ ቀና ስትል፣ ሰውየው በባሕር በኩል ተመልሶ ደጃፉ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን ለመቃኑ ሰጥቶ፣ ሁለት እግሩን በበሩ ስፋት ዘርግቶ፣ እንቅልፍ ወስዶታል። የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያውን አውልቆ መጽሐፉ ላይ አስቀምጦታል። ቤቱ ሌላ በር የለውም። ንድፉን ያወጣው ሰው፣ የኋላ በር ለእንግዳው ነጻነት አይመችም ብሎ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን በጣቱ ቆሞ እግሩን ተሻግሮ ይወጣ ነበር። ሰውየው አያይ፣ አይሰማ። የሆቴሉም ሕግ አይነካም። ሴሩዋያ ግን እንዴት ብላ! የተቀመጠ ሰው ራስ አጠገብ ቆሞ ማለፍ፣ ያውም ሽማግሌ፣ ያውም እግሩን ተሻግሮ፣ ያውም «ቱሎ»፣ ይቅርታ ልለፍ፣ ሳይሉ! በመንደሯ የአራት ዓመት ሕፃን እንኳ ጎንበስ ብሎ «ቱሎ» ሳይል በሰው ፊት አያልፍም። ያውም በባሏ መቶኛ ቀን። ቃሉ ካልተሰማ እንዳልተባለ ነው፤ እንዲሰማ ጮክ ብላ ብትለው ደግሞ ይነቃል፣ ያያታል፤ ሦስተኛው ይሆናል።

ስለዚህ መታጠቢያው ወለል ላይ ተቀመጠች። በራሱ ጊዜ ይነቃል አለች። አልነቃም። ጥላው ከድንጋዩ ወደ ፎጣው፣ ከፎጣው ወደ ጉልበቷ ተጠጋ። ከማዶ የናሴሬ ጭስ ይታያታል፤ የድግሱ ምግብ በጋለ ድንጋይ የተቀበረበት ጉድጓድ ተከፍቶ የአሳማው ሥጋና ካሳቫው እየወጣ መሆን አለበት፤ ቪሊማይና መቀሱን ይዛ ወደ ባሕሩ እያየች። የሰውየው ማንኮራፋት ልኩን የጠበቀ ነበር። የጀልባዋ ሞተር ተነሳ።

ያኔ ተነሳች። በጉልበቷ ልትሄድ እስኪቀራት ጎንበስ ብላ ተጠጋችና «ቱሎ» አለች። ድጋሚ፣ ከፍ አድርጋ፣ «ቱሎ»። ሰውየው ዓይኑን ገለጠ፣ እግሩን ሰበሰበ። አልፋ ስታበቃ እንደ ደንቡ ቁጢጥ ብላ መዳፎቿን ጎድጎድ አድርጋ ሦስት ጊዜ አጨበጨበች። ከዚያ ሮጠች።

ጀልባዋ ከማቆሚያው መድረክ ሃምሳ እርምጃ ርቃ ነበር። ጆኔታኒ አያት። ሁለት እንግዶች ስለጫነ መጮኽም መመለስም አልቻለም፤ እጁን ብቻ አነሳ።

በማግሥቱ በቅጠል የተጠቀለለ ምግብ ይዞ ከወጥ ቤቱ ጓሮ ጠበቃት። ቪሊማይና እስኪጨልም መቀሷን ይዛ መቀመጧን፣ ያለ ሴሩዋያ ማንም «ይበቃል» እንደማይል መናገሯን፣ ምንጣፉ ዘመድ እስከሚበተንበት እስከ ሐሙስ እንደማይጠቀለል ነገራት።

«አሳማው ግን አልጠበቀሽም» አለ።

«አንተ ነህ የበላኸው። ጥለኸኝ የሄድከው ድርሻዬን ፈልገህ ነው።»

«አጥንቱን አምጥቼልሻለሁ፣ ምን ቀረሽ?»

ልትስቅ አፏን ከፈተችና የት እንዳለች አስታውሳ በመዳፏ ከደነችው።

ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ላኒያና አስጠራቻት። ከዋና ከተማው ከሱቫ የመጣች ልጅ ናት፤ መጥፎ አይደለችም። ሴሩዋያ የስንብቷን ወረቀት ጠብቃ ገባች። የጠበቃት ሌላ ነው። ሽማግሌው ለሆቴሉ ጽፏል። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ክብር ሰጥቶት ያለፈ ሰው እንደሌለ ገልጾ፣ እሱ እስከሚሄድበት እስከ ቅዳሜ ሴትየዋ በየቀኑ በዐሥር ሰዓት በደጃፉ እንድታልፍለት ጠይቋል።

«እማማ ሴሩ፣ ዕድል ነው እኮ» አለች ላኒያና። «ለሌሎቹም ቤቶች ሊያደርጉት እያሰቡ ነው።»

«ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ መንደሬ መሄድ አለብኝ። ሐዘኔ አልወጣም።»

«ዓርብ ብትሄጂስ?»

«ዓርብም በዐሥር ነው ያልሽኝ።»

ላኒያና ጠረጴዛዋን አየች። ከበላይ ተጽፎ የመጣ ነገር እንደሆነ፣ እሷም እንደማትችል፣ ቀስ ብላ ነገረቻት።

ረቡዕ በዐሥር ሴሩዋያ አለፈች። ሰውየው ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ እግሩን ሆን ብሎ ዘርግቶ ጠበቃት። ጎንበስ አለች፣ «ቱሎ» አለች፣ እግሩን ሰበሰበ፣ አለፈች፣ አጨበጨበች። እሱም ደስ ብሎት መልሶ አጨበጨበ። በቁጥቋጦው መንገድ ስትመለስ ፊቷ ይፋጅ ነበር። ድሮስ አትሸጥም ነበር? ትሸጥ ነበር፤ ዘፈኑን ለሦስት መቶ ሰው በየቀኑ ስትሸጥ ኖራለች። ግን ዘፈን ሰው እንዲሰማው የተሠራ ነው፤ ከዘፈኑም ጀርባ ኤሞሲ ቆሞ ይመታ ነበር። ቱሎን ግን ማንም ሰው ይየኝ ብሎ ተናግሮት አያውቅም። አሁን ይህች ቃል ዋጋ ወጣላት፤ ለሌላ ሽማግሌ ስትላት ምን ልትሆን ነው?

ሐሙስ በዐሥር ሰዓት ሰባት ቁጥር ደጃፍ ላይ ጎንበስ አለች። ሞተሩ መድረኩ ላይ ያጓራል። «ቱሎ» አለች። አለፈች። ቁጢጥ ብላ ሦስት ጊዜ አጨበጨበች። ከዚያ ወደ ቁጥቋጦው መንገድ መታጠፍ ሲገባት አልታጠፈችም። ሠራተኛ እግሩን በማያሳርፍበት አሸዋ ላይ፣ በአሥራ ሁለቱ ቤቶች ፊት፣ ሽርጧን ወደ ላይ ሰብስባ ቀጥ ብላ ሄደች። ሽማግሌው ይህም የሥርዓቱ ክፍል መስሎት ቆሞ እጁን አውለበለበላት።

ዐሥር ሰዓት ካለፈ ሦስት ደቂቃ ሆኖ ነበር። የጀልባዋ ሞተር ድንገት ቀጥ አለ። ጆኔታኒ፣ ተኝቶም ቢሆን የሚያስነሳውን ሞተር፣ ገመዱን አንዴ ሳበ፤ እምቢ አለ። ሁለቴ ሳበ፤ እምቢ አለ። እንግዶቹን ይቅርታ ጠየቀና ሞተሩን በገዛ ቋንቋው ሰደበው፣ ግን የጠራው የሴሩዋያን ስም ነው፤ ወፍራሟ፣ ሰነፏ፣ ምን ትንፏቀቂያለሽ አለው። እሷ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ የጀልባዋን ጠርዝ ስትይዝ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ።

የኋለኛው አግዳሚ ላይ ረጥባ ተቀመጠች። እንግዶቹ ፈገግ አሉላት፤ ጎንበስ ብላ መለሰች። ናሴሬ እየቀረበች ስትመጣ ጭሱ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ፣ ከዚያ በባሕሩ ዳር ምንጣፍ ይዛ የቆመች ሴት ታየቻት። መሸኛው ዘፈን ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ ገና ነው ብላ ዋጠችው። «ይበቃል» እስክትባል ጥቂት ነው የቀራት።

የረጠበ ሽርጧን ስትጨምቅ እጇ ጠንካራ ነገር ነካ። የሰባት ቁጥር ቁልፍ ነው፤ ከደሴቱ መውጣት የለበትም። ጆኔታኒ አየው፤ ለአንድ አፍታ ስድብ ጠፋው።

«ጠዋት በአሥራ ሁለት እመለሳለሁ» አለ ወደ ባሕሩ እያየ። «ያኔ ግን አልጠብቅሽም።»

ቁልፉን በሽርጧ ጫፍ ቋጥራ አጥብቃ አሰረችው።