ሳይቆረጥ የዞረው ጥብጣብ

ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ወንበሩን ያያል እንጂ ወንበሩ በምን እንደተያዘ አያይም። እንዳያይ ስደክም የኖርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በደርግ ዘመን መተማ ላይ ባሌ የመኪና ወንበር ያለብስ ነበር፤ እኔ ሚስማሩን የሚሸፍነውን ጥብጣብ እሰፋ ነበር።

ጥብጣቡን ለማያውቅ ልንገር። የፕላስቲክ ቆዳ በቀጭኑ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ጠርዞቹ ሲባጎ ውስጣቸው እየገባ ወደ መሃል ይታጠፉና በወስፌ ይሰፋሉ። መሃሉ ላይ ስንጥቅ ይቀራል። ሚስማሩ የሚመታው በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከዚያ ጠርዞቹን በመዶሻ ቀስ አድርገው ሲነኳቸው እንደ ከንፈር ገጥመው ይዘጋሉ፤ ወንበሩ ዙሪያውን ጌጥ አገኘ፣ ሚስማሩም ተደበቀ።

ስንጋባ ስለ መኪና የማውቀው መሳፈርን ብቻ ነበር። እናቴ ቤት ሙዳይና መሶብ ስሰፋ ያደግሁ ነኝ። ሙሽርነቴ ገና ሳያልቅ ባሌ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ይዞ መጣና «የእኔ እጅ መዶሻ እንጂ ወስፌ አያውቅም፤ ይኸ የሴት እጅ ይፈልጋል» አለኝ። አመንኩት። እሱን ብቻ አይደለም፣ ቆላው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚለው። ወንድ በስፌት መኪና ልብስ ይሰፋል፣ ወስፌ ግን የሴት ነው። ሾፌሮቹ ወንበር ሊያሠሩ ሲመጡ ለእሱ «ሚስማሩን አጥብቀው»፣ ለእኔ «ጥብጣቡን አሳምሪው» ይሉን ነበር። ወስፌ የያዘ ወንድ ያየ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

ጥብጣብ የሚመታው በቀትር ነው። ከደጋ የመጣ ሠራተኛ ይህን አያውቅም። ጠዋት በቀዝቃዛው ይመታዋል፤ ፀሐይ ስታገኘው ፕላስቲኩ ይላላል፣ ከንፈሩ ይከፈትና ሚስማሩ እንደ ጥርስ ይገጥጣል። እኛ ፕላስቲኩን መሬት ላይ ዘርግተን እስኪለሰልስ ፀሐይ እናስመታዋለን፣ ከዚያ ወጥረን እንመታዋለን፤ ሲበርድ ራሱ ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት መተማ ላይ ሰው አይንቀሳቀስም። ሱዳኖቹ ሾፌሮች ሎሪያቸው ስር ተኝተዋል፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሩ ገርበብ ብሏል፣ ውሾቹ እንኳ አይጮሁም። እኔና ባሌ ብቻ ከዳሳችን ስር ነን፤ እኔ ጥብጣቡን እወጥራለሁ፣ እሱ በግራ እጁ መዶሻውን ያነሳል፤ ግራኝ ነው። መዶሻው ከጣቴ አጠገብ ያርፋል። ጣቴን መትቶኝ አያውቅም። ብዙም አናወራም። ያን ሰዓት እወደው ነበር፤ የእኔ ነበር፣ ለማንም የማካፍለው አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አይሆንልኝም፣ ማዕዘን። ጥብጣቡ ወንበሩ ጥግ ላይ ሲደርስ አልዞር ብሎ ይጨማደድብኛል። ስለዚህ ቆርጬ እቀጥለዋለሁ፣ ቅጥሉ እንዳይታይ በጨርቅ የተሸፈነ ቁልፍ እሰፋበታለሁ። ባሌ አይቶ «እንዲያውም አማረ» ይለኛል። እኔም አምሯል ብዬ እኖር ነበር።

በአንዱ የሰሊጥ አጨዳ ወራት መኪናው ሁሉ ሰሊጥ ወደሚታጨድበት ወደ ሽንፋ አዘነበለ። ባሌ ዕቃውን ሸክፎ ተከተላቸው። እኔ ወባ ጥሎኝ ስለነበር ቀረሁ። ትኩሳቱ ፋታ ሲሰጠኝ እየተነሳሁ የሰፋሁትን ጥብጣብ ጠቅልዬ ሰጠሁት። «ይኸ ሲያልቅ እመጣለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ያ ጥብጣብ አልቆ የሚመጣበት ጊዜ አለፈ። እሱ አልመጣም። የመጡት አንድ ሽማግሌ ሾፌር ናቸው፤ የጎንደር ሰው፣ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና የሚነዱ፣ ደንበኛችን የሆኑ። ሰሊጥ ጭነው ሲያልፉ ሰላም ሊሉኝ ቆሙ።

«ባልሽ ደኅና ነው፣ እታለም። ወንበሬን እንዴት እንዳደረገልኝ እስቲ ውጭና እይው» አሉኝ።

ጋቢናው ላይ ወጣሁ። ወንበሩ አረንጓዴ ሆኗል፣ ዙሪያው ቢጫ ጥብጣብ። ዓይኔ ቀጥ ብሎ ማዕዘኑ ላይ ሄደ። ቅጥል የለውም። ቁልፍ የለውም። ጥብጣቡ ሳይቆረጥ፣ ሳይጨማደድ፣ ጥጉን ዞሮ መንገዱን ቀጥሏል። የጥብጣቡን ከንፈር በአውራ ጣቴ ጥፍር ከፈት አድርጌ አየሁ። ሚስማሩ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፤ የባሌ ምት ነው። ጥብጣቡ ግን የእኔ አይደለም።

«ጥብጣቡን ማን ሰፋው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ። መኪናውን ሰጥቸው ወንዝ ዳር ተኛሁ፤ ስመለስ አልቆ ጠበቀኝ። ብቻ የሰፋችው ሴት እጇ ይባረክ።»

እጇ ይባረክ። ቅናት ያዘኝ፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም። መጀመሪያ የቀናሁት በማዕዘኑ ነው፣ ሴትዮዋ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣችው ኋላ ነው። እሷም ስትመጣ ግን ሙሉ ሆና መጣች። ቀጭን ናት፣ ጣቶቿ ረዣዥም ናቸው፣ ፀጉሯን ቅባት ተቀብታለች። በቀትር ከዳሱ ስር ባሌ ጎን ተቀምጣ ጥብጣብ ትወጥርለታለች፤ መዶሻው ጣቷ አጠገብ ያርፋል። ሌላ ሴት ባሏ ከሌላ ጋር ሲተኛ ይታያታል፤ ለእኔ የታየኝ ሲሠሩ ነው። ቢተኙ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም።

ቤት ገብቼ ማዕዘኑን ልሞክረው ተቀመጥኩ። ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ ሰፋሁ፣ ተጨማደደ። ፈታሁት፤ እንደገና ተጨማደደ። ጎረቤቴ የጤና ረዳት ነበረች፤ በሬ ላይ ቆማ የጣልኩትን የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ስታይ ቆየችና «ወባው ተመልሶብሽ ነው ወይስ ቀንተሽ ነው?» አለችኝ።

«ወባው ነው» አልኩ።

«ለወባውስ ኪኒን ነበረኝ» ብላ ሄደች።

ሽማግሌው ሾፌር ጭነታቸውን አራግፈው ወደ ሽንፋ ሊመለሱ መሆኑን ስሰማ ይለፍ ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ያለ ይለፍ ከከተማ ወጥቶ ኬላ ማለፍ አይታሰብም። ሊቀመንበሩ ምክንያቴን ጠየቀኝ።

«ለባሌ ክር ላደርስለት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሽንፋ ክር ጠፍቶ ነው?»

«የእኔ ዓይነት የለም።»

ለአፍታ ፊቴን አየኝ። ምን እንዳየበት አላውቅም፤ ብቻ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር ማኅተሙን አሳረፈበት።

እዚያው ቢጫ ጥብጣብ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። መንገዱ አቧራ ነው፣ ግራና ቀኙ የታጨደ ሰሊጥ በነዶ በነዶ ቆሟል፣ ሽማግሌው ስለ ዝናቡና ስለ ፍሬኑ ያወሩልኛል። እኔ ጣቴን ማዕዘኑ ላይ አድርጌ እዳብሳለሁ። ቀስ በቀስ ምሥጢሩ በጣቴ ገባኝ። የውስጠኛው ጠርዝ በትንንሹ ተሸርፏል፤ ሲዞር ሽርፎቹ ይጋጠማሉ፣ ስለዚህ የሚጨማደድ ትርፍ የለም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው። ቀላል መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

«እታለም፣ ወንበሬን አትላጭብኝ እንጅ» አሉኝ ሽማግሌው።

እጄን ሰበሰብኩ። ብዙም ሳይቆይ እጄ ወደ ማዕዘኑ ተመልሶ ሄደ።

ሽንፋ የደረስነው በቀትር ነው፣ እንደፈለግሁት። አጫጆቹ ባገኙት ጥላ ሁሉ ስር ተጋድመዋል። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ለሴትዮዋ የምላትን ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ እዚህ የማይጻፍ አለበት። ባሌ ከገበያው ወዲያ በማሽላ አገዳ ዳስ እንደሠራ ሾፌሩ ስለነገሩኝ በጀርባው በኩል ዞሬ ደረስኩ።

ብቻውን ነበር። መሬት ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፣ ራሱን አቀርቅሯል። ክር በጥርሱ በጥሶ ጫፉን በምራቁ ሲያሾል አየሁት። ያን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም ነበር።

«የታለች?» አልኩት።

ደንግጦ በጉልበቱ ላይ የነበረውን ጭኑ ስር ሸጎጠው። «ማን?»

«የምትሰፋልህ።»

ሰው ያለ ይመስል ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ወደ ግራ እጁ አየ፤ እኔም አየሁ። ወስፌ ይዟል። ከጭኑ ስር ቢጫ ፕላስቲክ ጫፉን አውጥቷል፤ ማዕዘኑ ሳይቆረጥ ዞሯል።

ሴት ብትሆን በተሻለኝ። ለሴት መልስ ነበረኝ። ፀጉሯን እይዝ ነበር፣ እሰድባት ነበር፣ ሰው ይገላግለን ነበር፣ ባሌን ይዤ እሄድ ነበር። ስለ ባሌ በራሱ በባሌ ላይ ቀንቼ ማንን ልያዝ?

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትችለው?»

«ጎንደር ሙያውን ስማር ጀምሮ ነው። ያስተማረኝ ሰውየ መዶሻውንም ወስፌውንም ነበር የሚያስተምር።»

«እኔ ስቆርጥና ስቀጥል ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር።»

ክሩን በጣቱ ላይ ጠመጠመ።

«‹አማረ› ትለኝ ነበር።»

«አምሮም ነበር።»

«አትዋሸኝ። ያንተን አየሁት እኮ፣ ከመተማ እዚህ ድረስ ላዩ ላይ ተቀምጨ መጣሁ።»

ወስፌውን መሬቱ ላይ ሰካው። ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው የተናገረው። «ምን ልበልሽ ታዲያ? ገና መምጣትሽ ነበር፣ አንች ከጓዳ አትወጭም። ‹በዚህ ቀትር ነይና ከእኔ ጋር ተቀመጭ› ብልሽ ምን ትይኝ ነበር? ሥራ አለ ስልሽ መጣሽ። ኋላ ደግሞ ‹ለካ እሱም ይችላል› ካልሽ ትተሽኝ ትገቢያለሽ ብየ ፈራሁ። አሁንም የሰጠሽኝ አልቆብኝ፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሲለምነኝ፣ ሰው በሚተኛበት ሰዓት ተደብቄ ነው የሰፋሁት።»

ሌላ ሴት ይህን ሰምታ ትለሰልስ ይሆናል። እኔም ለስልሻለሁ፣ አልክድም፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቅናቱ ግን አልወጣልኝም፣ እንዲያውም ቤቱን ቀየረ። እስካሁን የቀናሁት ባሌን ወሰደችብኝ ባልኳት ሴት ነበር። አሁን በገዛ ባሌ እጅ ቀናሁ። ለብቻዬ ነው ያልኩት ሥራ ለካ በውሰት የተሰጠኝ ነው፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ከእኔ አሳምሮ ይሠራዋል። ቀትሩ የእኔ ነበር፤ እሱን አምኜለሁ። ሥራው ግን የእኔ አልነበረም፣ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ነው የምፈልገው።

«መዶሻውን አምጣው» አልኩት።

«ምን ልታደርጊ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አንተ ትሰፋለህ። እኔ እመታለሁ።»

ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያይ አቆመ። «ጣቴን ትመችዋለሽ።»

«እሱንም እናያለን።»

ጣቱን መታሁት፤ አንዴም አይደለም። «አውቀሽ ነው የመታሽው» የምትለኝን ጎረቤቴን ዛሬም አላምናትም፣ ግን አልከራከራትም። መተማ ስንመለስ ሾፌሮቹ ባሌን ወስፌ ይዞ ሲያዩት መሳቂያ አደረጉት፤ አንዱ ሱዳናዊማ ወዳጁን ከሎሪው ስር ቀስቅሶ አሳየው። ባሌ ቻለው። እኔም መዶሻውን ለመድኩት። ሙቀጫ ስወቅጥ ያደግሁበት ክንድ ነው፤ አንዴ መንገዱን ካገኘ ወዲያ ሚስማሩ ያለ ድርድር ይገባ ጀመር።

አንድ ቀን ከኮኪት የመንግሥት እርሻ አንድ የትራክተር ነጂ ያሠራውን ወንበር ሊወስድ መጣ። ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፣ ገለበጠው፣ ጠርዙን ጎተተው።

«ማን ነው የመታው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወደ ባሌ ዞረ። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና የርስዎ እንዲህ ጠብቆ አያውቅም። ያለፈው በአንድ የእርሻ ወቅት ነው የተነቀለብኝ።»

ባሌ «ጎሽ» አለ፤ ዘግየት ብሎ ሳቀ። ሰውየው ወንበሩን ተሸክሞ እንደሄደ ዳሱ ውስጥ የቀረውን ሌላውን ወንበር አነሳና በጥብጣቡ ላይ አውራ ጣቱን እየጫነ ዙሪያውን ሄደ። የላላ ቦታ እየፈለገ ነው። አላገኘም። አስቀምጦት እንደገና አነሳው።

ምሳ አቀረብኩ። ሁለት ጉርሻ ያህል ጎርሶ እጁን ሰበሰበ።

«ምነው?» አልኩት።

«ሙቀቱ ነው» አለኝ።

ሙቀቱ እንዳልሆነ በመተማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያ ትራክተር ነጂ አፈ ቅቤ ነው፣ ወንበር በወሰደ ቁጥር የሠራለትን ያሞግሳል ብዬ ብነግረው ኖሮ ወዲያው ይቀልለው ነበር፤ እውነትም ነበር። አላልኩትም። ትንሽ ይቃጠል ብዬ ወጡን ወደሱ ገፋ አደረግሁለት።