ኳስ ያላየ ሽማግሌ ፍለጋ

ከሚዛን ወደ ቴፒ የሚሄድ ሚኒባስ «ሞላ» ከተባለ በኋላ ገና ሦስት ሰው ይጭናል። በ2003 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። የኋለኛው ወንበር ላይ በአንድ ጆንያ ጎደሬና በአንድ ትልቅ ሰው መካከል ተሰነቀርኩ። ጎደሬው ምንም አላለኝም። ሰውዬው ግን ገና ከመቀመጤ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝና፣

«አንተ መምህር! ቅዳሜ ሜዳ ነበርክ?» አሉኝ።

ዞር ብዬ ባይ ጋሽ ካሣዬ ናቸው።

«ነበርኩ ጋሼ።»

«እንግዲያው አንተው ፍረድ። ይመታል ወይስ ያቀብላል?»

ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ። በዚያ ሳምንት ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሰው ሰላም የሚባባለው በዚህ ጥያቄ ነበር።

ጋሽ ካሣዬን የማያውቅ የከተማችን ሰው ቢኖር ጎማ ተንፍሶበት የማያውቅ ብቻ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ናቸው። የሚቀኑባቸው ሰዎች «ካሣዬ በመንፊያው ከሚነፋ በአፉ ቢነፋ ይፈጥናል» ይሏቸዋል። ከጎማው ሌላ ሁለት ሥራ አላቸው፤ ሽምግልናና ኳስ። በሽምግልናው አሥራ አንድ ቤት ሄደው አሥራ አንድ ልጃገረድ አስፈቅደዋል፤ ቁጥሩን ራሳቸው ናቸው የሚነግሩን፣ ሳይጠየቁ። በኳሱ ደግሞ እርሳቸው እንዳጫወቱኝ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመቱት፤ ኳሷም የጎረቤት ዶሮ ላይ አርፋ ዶሮዋን አስከፍላቸዋለች። ያም ሆኖ በዲኤስቲቪ ቤት የፊት ወንበር ስላላቸው የእንግሊዝ አሰልጣኞች ሁሉ የት የት እንደሚሳሳቱ ያውቃሉ። የእኛው አሰልጣኝ የት እንደሚሳሳት ለማወቅማ ወንበርም አላስፈለጋቸው፤ ከሜዳው ዳር ቆመው ይነግሩታል።

ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። ቀይ እሸት የሚባለው ቡድናችን በገዛ ሜዳው በቴፒዎች ሁለት ለአንድ ተሸነፈ። ያበሳጨን ሽንፈቱ አልነበረም፤ እሱን ለምደነዋል። መደበኛው ሰዓት አልቆ ዳኛው ሰዓቱን ሲያይ፣ ጨዋታ አቀጣጣያችን፣ አሥር ቁጥሩ ይትባረክ፣ ሁለት ተከላካይ አልፎ ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኘ። አገሩ ሁሉ ተነሣ። ይትባረክ ቀና አለ፣ አየ፣ ከዚያም ኳሷን በቀኝ በኩል ለሚሮጠው የክንፍ ተጫዋች አቀበለ። ክንፉ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በጀርባው ተኛ። ኳሷም እየተንከባለለች ከሜዳው ማዶ ቡናው ውስጥ ገባች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

የቧንቧ ውሃ ሦስት ሳምንት ሲጠፋ ሃያ ሰው ለስብሰባ ያልተገኘበት ከተማ፣ ለዚያች ኳስ እስከ ምሽት ድረስ መንገድ ዘግቶ ተከራከረ። እኩሉ «ፈሪ ነው» አለ። እኩሉ «አጥቂዎቹ ናቸው የበደሉት» አለ። አንዱማ ሜዳው ወደ ቴፒ ያዘነበለ ነው ብሎ በጠርሙስ ውሃ ሊያስረዳን ሞከረ።

«አቀበለ፤ ትክክልም ነው፣» አልኳቸው ጋሽ ካሣዬን፣ ለመጫወት ያህል። «ክንፉ ባይወድቅ ባዶ ጎል ነበር።»

«አንተ ምን ታረግ፣ የጂኦግራፊ መምህር ነህ፣» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። የጋሽ ካሣዬ ዝምታ ያልተለመደ ነገር ስለሆነ ታመው ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ።

«ወዴት ነዎት ጋሼ?»

«ሸኮ። ሰው ፍለጋ።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ኳስ አይቶ የማያውቅ ሽማግሌ ፍለጋ።»

እንግዲህ የነገሩኝን ላውጋችሁ።

አሥር ቁጥሩ ይትባረክ የአቶ ተካን ልጅ ራሔልን ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። አቶ ተካ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ናቸው፤ የቀይ እሸት ደጋፊዎች ሰብሳቢም ናቸው። ይትባረክ አንድም ጊዜ እምቢ ተብሎ የማያውቅ ሽማግሌ ፈልጎ ወደ ጋሽ ካሣዬ መጣ። ጋሽ ካሣዬ ሐጂ በድሩን ጨመሩ፤ ባለ ወፍጮውን አቶ ታፈሰን ጨመሩ። ቀኑንም ቆረጡ፤ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ቀኑ ሲቆረጥ ከፊቱ ያለው ቅዳሜ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን አወቀ?

እሁድ ሦስቱም ነጠላና ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በአቶ ተካ በር ላይ ቆሙ።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አሉ አቶ ተካ። ቅዳሜ ሲጮሁ ውለው ድምፃቸው ተዘግቷል።

«የለም፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣» አሉ ጋሽ ካሣዬ። ደንቡ ነው፤ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ፈቃድ ሳያገኝ አይቀመጥም። «የመጣነው ስለ አንድ ልጅ ነው። ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ያየውን የማያልፍ …»

«ማነው እሱ?»

«ይትባረክ።»

«ያየውን የማያልፍ?» አሉ አቶ ተካ። «ትናንት ጎሉን አይቶት የለም እንዴ?»

ሽምግልናው ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን ገና አላወቁም።

ሐጂ በድሩ ነገሩን ለማለስለስ፣ «ተካ፣ ለወንድሙ ማቀበል እኮ ደግነት ነው። ብቻዬን ልብላ ያላለ ልጅ ነው፣» አሉ።

«ደግነቱን ለቴፒ ነው ያደረገው፣ ሐጂ!»

«ኧረ በሱ አትፍረዱ፣» አሉ አቶ ታፈሰ በሩን እንደተደገፉ። «ነገሩ ያለው አጥቂዎቹ ላይ ነው። ሁለቱ እንደ ቡና ጥላ ዛፍ ተተክለው ይውላሉ። ጥላ ከመስጠት ሌላ ምን ሠሩ? ማን ነቀነቃቸው?»

«አሰልጣኙ በሁለት አጥቂ መጫወት አልነበረበትም!» አሉ አቶ ተካ።

«በአንድ ቢጫወት ደግሞ አንድ ዛፍ ይቀነሳል፤ ሌላ ምን ይለወጣል?»

«ኳሱን የሚያደርሰው ሰው ነው የጠፋው እንጂ …»

«አደረሰ እኮ! ክንፉ ወደቀ እንጂ!»

አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው ተከራከሩ። እንግዳ አልተቀመጠም፤ ባለቤቱም አክብሮት ሆኖበት ቆሞ ነው። ከጓዳ በኩል ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ የአቶ ተካ ባለቤት፣ ሁለት ጊዜ ብቅ ብለው ተመለሱ። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀና፣ «ለመሆኑ ልጅ ልንድር ነው ተጫዋች ልንገዛ?» አሉ።  ከመጋረጃው ጀርባ ራሔል ለእናቷ ስታንሾካሹክ ግን ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«እኔ ጋ ሲደርስ ለማንም አላቀበለኝ።»

ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ይቺን ቃል ይዞ ነገሩን ይጨርስባት ነበር። ጋሽ ካሣዬ ግን በዚያች ደቂቃ ሽማግሌነታቸው ከትዝታቸው ጠፍቷል። ደማቸው ፈልቷል፤ ጋቢያቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዷል።

«ስሙኝማ!» ብለው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «እኔ አሰልጣኙን ብሆን ገና በእረፍቱ አስወጣው ነበር! የዚህ ልጅ ጣጣው እግሩ አይደለም፣ ልቡ ነው። ቁርጥ ቀን ሲመጣ መወሰን አይችልም። ኃላፊነት እጁ ላይ ሲወድቅ ለሌላ ሰው ያቀብላል!»

 ሐጂ በድሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ታፈሰ ጣራውን አዩ።

አቶ ተካ ቀስ ብለው፣ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው፣ «እኔ እንኳ ፈሪ ነው እንጂ ይህን አላልኩም፣» አሉ። «የራሱ ሽማግሌ ነው ያለው። ኃላፊነት ሲመጣ ለሌላ የሚያቀብል ሰው ነው ልጄን የምትለምኑለት?»

«አይ … ለኳሱ ነው እኮ ያልኩት …»

«ካሣዬ፣ የሽማግሌ ቃል ይታጠፋል?»

አይታጠፍም። ይህን ከጋሽ ካሣዬ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ በዚሁ አባባል ነው ያሸነፉት።  በመጨረሻ አቶ ተካ ራሳቸው አዘኑላቸው መሰል ቀጠሮ ሰጡ። በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ተመለሱ፤ አብሯችሁ ግን ስለዚህ ልጅ የሚመሰክር ሌላ ሽማግሌ ይምጣ፤ ሲጫወት አይቶት የማያውቅ፤ ያ ሰው የሚለውን እሰማለሁ፣ እናንተን ግን ሰምቻችኋለሁ፤ አሏቸው።

«ይትባረክስ ምን አለ?» አልኳቸው።

ጋሽ ካሣዬ ጃንጥላቸውን ከአንድ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «ምን ይላል? አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ፣ ‹ጋሼ፣ ቅዳሜ ለክንፉ አቀበልኩ፣ ወደቀ። እሁድ ደግሞ ለእርስዎ አቀበልኩ› አለኝ።  ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሳቄን ለመዋጥ ጎደሬውን አቅፌ አጎነበስኩ።

«ሳቅ፣ ሳቅ፣» አሉ። «አንተ አሥራ ሁለተኛህ ላይ አልወደቅህም።»

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። ሚዛን ውስጥ ይትባረክን ሲጫወት ያላየ ሽማግሌ ጠፋ። ጋሽ ካሣዬ ቄሱ ዘንድ ሄዱ። ቄሱ፣ «ቀብር ላይ ስለነበርኩ ሁለተኛውን አጋማሽ ብቻ ነው ያየሁት። ግን ልጄ፣ መምታት ነበረበት፣» አሏቸው። ትናንት ከማጂ የገባ አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄዱ። «እኛም ጋ በስልክ ተሰምቷል፣» አለ ሰውዬው፣ «ማነው እሱ ፈሪ?» ዓይናቸው የደከመ አንድ ጡረተኛም ዘንድ ሄዱ፤ እሳቸውም ባያዩ ሲነገራቸው ውለዋል፣ የቅዳሜውንም አሰላለፍ በቃላቸው ያውቁታል።

«ታዲያ ሸኮ ማን አለ?»

«ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ አዛውንት አሉ። ኳስ ከቆዳ ይሠራ ከእንጨት አያውቁም። ልጁን ግን ያውቁታል አሉኝ።»

«ከየት ያውቁታል?»

«ለሥራው ይሄድ የለም እንዴ!»

«ሥራው ምንድን ነው?»

ጋሽ ካሣዬ አሰቡ። በእውነት አሰቡ፤ ግንባራቸው ተጨማደደ። የልጁን የግራ እግርና የቀኝ እግር ልዩነት፣ በዝናብና በፀሐይ እንዴት እንደሚሮጥ፣ አምና ስንት ኳስ ለጎል እንዳመቻቸ ያውቃሉ። ሦስት ዓመት ሲያዩት፣ ሊያጋቡት በር ሲቆሙለት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ቀን አልጠየቁም።

«ሐጂ ነው የነገረኝ፣» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግብርና ቢሮ ነው። ስለ ንብ ያስተምራል። አምና በዝናቡ ጊዜ እኒህ አዛውንት ታመው ሲተኙ፣ ልጁ እስኪሻላቸው ቀፎዎቻቸውን እየዞረ ያይላቸው ነበር አሉ። በእግሩ፣ ከሸኮ ወዲያ ያለውን ጫካ። ለማንም አልነገረም።»

«ይህን እሁድ ለአቶ ተካ ቢነግሯቸው ኖሮ …»

«አላወቅሁማ!» ብለው ተቆጡ። ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩን። «ማን ነገረኝ? ከተማው ሙሉ የሚያወራው ስለ እግሩ ነው!»

ከፊት ወንበር አንድ ሰው አንገቱን ወደኋላ አዙሮ፣ «ስለ ይትባረክ ነው? ያቀበለው እኮ ንፋሱ …» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ ጋሽ ካሣዬ በጃንጥላቸው ጫፍ የወንበሩን ጀርባ መቱት። «አንተ ዝም በል! እዚህ የምንነጋገረው ስለ ጋብቻ ነው!»

ሸኮ ስንደርስ ዝናቡ ጀምሯል። ለመውረድ እኔንም ጎደሬውንም መሻገር ነበረባቸው፤ ሁለታችንንም ረገጡን። ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ጃንጥላቸውን ሲዘረጉ፣ መስተዋቱን ከፍቼ፣

«ሰውዬው እሺ ይሉዎታል?» አልኳቸው።

«እሺ ይላሉ፤ ቅዳሜ ላመጣቸው ነው የምቀጥራቸው። እሁድ እኔ አፌን ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። ሐጂም ስለ ኳስ ላይናገር ምሏል፣ ታፈሰም ምሏል።»

«እግዜር ይርዳችሁ። አሥራ ሁለተኛዋን ያስፈቅዷታል።»

ሹፌሩ ማርሽ አስገባ። ጋሽ ካሣዬ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። ማንም እንደማይሰማ ሲያረጋግጡ ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«ጠዋት ነው ቀጠሮው፤ ከሰዓት ደግሞ ከጌጫ ጋር ጨዋታ አለን፣» አሉ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እንዲሰጡት እለምናለሁ። ለቡድኑ ግን፣ መምህር፣ ቢከለክሉት ነበር የሚሻለው። የተናደደ ሰው ኳስ አያቀብልም።»