ቬርና ለእህቷ የነገረቻት

ቬርና ፊድለር የታናሽ እህቷን ሻንጣ ሦስት ጊዜ አዘጋጅታ ሦስት ጊዜ ፈታችው። የቻሪቲ ልብስ አንድ ሻንጣ እንኳ አይሞላም፤ ግን እጇ ሥራ ካልያዘ አፏ የሚከፈትላት አልመሰላትም።

በሰሜን ኦንታሪዮ፣ ሐይቅ ዳር ባለችው የነባር ሕዝቦች መንደራቸው ትምህርት ቤቱ ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም። ዘጠነኛ የሚገባ ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ በትንሿ አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ እዚያም ከማያውቀው ሰው ቤት እየኖረ ይማራል። ቬርናም ከአሥር ዓመት በፊት ወርዳ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ሳትጨርስ ተመለሰች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፤ እሷም ለማንም አልተናገረች። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ሱቅ ዕቃ ስትደረድር ኖረች። ነገ ደግሞ የቻሪቲ ተራ ነው።

«ስሚኝ እስቲ፣ ስልክሽን አስቀምጪው» አለች።

«እየሰማሁሽ ነው።»

«ብቻሽን እንዳትሄጂ። ሁልጊዜ ሦስት ሁኑ። የከተማው ነጮች ከመኪና ላይ ዕንቁላል ይወረውሩባችኋል፣ ይሰድቧችኋል። መልስ አትስጪ፣ ዞረሽም አትዪ።»

ቻሪቲ ሳቀች። «ዕንቁላል? እዚህ እንዴት እንደተወደደ ቢያውቁ ለእኛ ይልኩልን ነበር!»

ቬርና ሳቁ አልመጣላትም። «ወንዙ ጋ ደግሞ ድርሽ እንዳትዪ።»

«ዓሣ ለማጥመድም?»

«ቻሪቲ! የአክስታችን ልጅ ማርሊን ምን ሆኖ እንደሞተ ታውቂያለሽ?»

«ታሞ ነው ያላችሁኝ።»

«አምስት ዓመትሽ ነበር፣ ምን እንበልሽ?» ቬርና የያዘችውን ሹራብ አጥፋ ዘረጋችው። «ከተማ አብረን ስንማር፣ አንድ ማታ ከጓደኛችን ቤት አብረን ወጣን። እሱ በእግሬ ልሂድ አለ፤ እኔ በረደኝና አውቶቡስ ያዝኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። በስድስተኛው ቀን ከወንዙ አወጡት። ፖሊሱ ጠጥቶ ነው የወደቀው አለ። አንዲት ጠብታ አልቀመሰም፤ አብሬው ነበርኩ እኮ! ማን ይስማኝ?»

ቻሪቲ ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። በማግስቱ እናታቸው ሙስ ከሚሉት ግዙፍ አጋዘን የደረቀ ሥጋ በፌስታል ቋጥራ ሰጠቻት፤ ቻሪቲም ወደ ኋላዋ ሳታይ አውሮፕላኑ ላይ ወጣች።

ከከተማ በየሳምንቱ ስትደውል «ደህና ነኝ» ትል ነበር። በጥቅምት ግን ከትምህርት ቤቱ አንዲት ሴት ወደ ሱቁ ደወለች። ቻሪቲ ከክፍል ከቀረች አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ቬርና በሚቀጥለው አውሮፕላን ወረደች።

ያስጠጓት ሴትዮ ደነገጡ። «እኔ እኮ በጠዋት ሥራ እሄዳለሁ፤ እሷም ትምህርት ቤት የምትውል መስሎኝ ነበር። ድምፅዋ እንኳ የማይሰማ ጨዋ ልጅ ናት።»

ቻሪቲ መጋረጃውን ዘግታ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ገርጥቶ፣ ጉንጯ ጎድጉዷል።

«ከእኔ ጋር የሚሄዱት ሁለት ልጆች በሁለተኛው ሳምንት ወደ አገራቸው ተመለሱ» አለች። «ሦስት ሁኑ አልሽ። ከማን ጋር ልሁን?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አንቺ እኮ አልመከርሽኝም እታለም። አስፈራርተሽ ነው የላክሽኝ።»

ቬርና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። የማርሊንን ነገር ለእህቷ በነገረች ዕለት ከስንት ዓመት በኋላ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር፤ አሁን አፈረች። ዘጠኝ ዓመት ብቻዋን የተሸከመችውን በአንድ ከሰዓት አንዲት ሕፃን ላይ ጥላ፣ እሷ ቀሏት ተኝታለች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ አብረው በእግር ሄዱ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ መኪና ቀስ አለ። ከመስኮቱ ስድብ ወጣ፤ ተከትሎም በረዶ ያለበት የለስላሳ ኩባያ ቬርና እግር ሥር ፈረጠ። ቬርና ራሷ የሰጠችውን ምክር ረስታ ዞራ አየች። ከቻሪቲ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ጥርሱ ላይ ብረት ታስሮለታል።

«ሂጂ፣ አትቁሚ!» አለች ቻሪቲ እጇን እየጎተተች።

ቬርና ሥራዋን ትታ እዚያው ከተማ ቀረች። በስልክ «ክፍል አለ» ያሏት አራት አከራዮች በር ላይ ሲያዩዋት «አሁን ተያዘ» አሏት። አምስተኛው ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለ ምድር ቤት ሰጣት። ሥራ ያገኘችው ከወንዙ ማዶ ባለ ሞቴል ነበር፤ ክፍል ታጸዳለች። ድልድዩን በቀን ሁለቴ ዓይኗን ከፊቷ ሳትነቅል ትሻገራለች። ቻሪቲን ጠዋት ታደርሳታለች፣ ማታ ትጠብቃታለች። የክፍሏ ልጆች «ዘበኛሽ መጣች» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ ቻሪቲም በኀፍረት ቀድማት መራመድ ጀመረች። ሆኖም ዘጠነኛ ክፍልን በሒሳብ ብቻ ወድቃ ጨረሰች።

በሰኔ ለእረፍት ወደ መንደር ሄደች። ነሐሴ ሲጋመስ ደወለች።

«አልመጣም እታለም።»

ቬርና ሞቴሉ ኮሪደር ላይ አንሶላ ታቅፋ ቆማ ነበር። የምትመክረው ምክር ፈለገች፤ አንድም አላገኘችም።

«እሺ» አለች። «እማዬን ሰላም በይልኝ።»

ስልኩን ዘግታ የቀሩትን ሦስት ክፍሎች አጸዳች። በሳምንቱ ምድር ቤቱን ለቃ እሷም ወደ ቤቷ ሄደች።