ጉድለት ፍለጋ ከጌዶ እስከ እጃጂ

አምቦ ስሠራ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ በስልክ የሚያዝበት መተግበሪያ ሠራሁ። ብቻዬን ነው የሠራሁት፤ ደግሞም ያምር ነበር። አለቃዬ ግን አየት አደረገውና፣ «ለሰው ሰጥተህ ሞክረው። ሰው የተቸገረበትን ካላመጣህልኝ ኮንትራትህን አላድስም» አለኝ። ደሜ ፈላ። ከወለዱት ልጅ ላይ እንከን ፈልግ ይባላል?

ጌዶ ጤና ጣቢያ ወረድኩ። የሙከራው ደንብ ሰው ስልኩን ሲነካካ አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። አንድ ሽማግሌ ላብ በላብ እስኪሆኑ ታገሉት። «እንዴት ነው?» ስላቸው «ግሩም ነው!» አሉ። ቀጠሮው ግን አልተያዘም።

«አባቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እንጀራዬ በዚህ ነው» ብዬ ለመንኳቸው። ባልለመንኩ! ተነሥተው ተራ ለሚጠብቁት ሁሉ በኦሮምኛ፣ «ይሄ ልጅ እየተፈተነ ነው፤ አደራ፣ እንዳትጥሉት» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ አመሰገነ። አንዷማ ስልኩን ሳትነካ መረቀችኝ። ምርቃት ተሸክሜ፣ ያለ አንድ ጉድለት ወጣሁ።

እጃጂ ስደርስ ብልጥ ሆንኩ። ሱቃቸው ደጃፍ ለተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴት፣ «አዴ፣ ይሄን የሠራው አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው፤ እኔ አላውቀውም» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «እንደሱ በለኛ!»

ስልኩ የልደት ቀን ሲጠይቃቸው፣ «የሚያመኝ ወገቤ ነው፤ ልደቴን ሊያከብርልኝ ነው?» አሉ። ፊደሉን ከማነሱ የተነሣ ጤፍ አሉት። መሀል ላይ ጎረቤታቸው ስታልፍ እንደ ወጉ ከልጆቹ እስከ ከብቱ ተጠያየቁ፤ ወደ ስልኩ ሲመለሱ መተግበሪያው «ዘግይተዋል» ብሎ ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ አዘዛቸው።

«ሰላምታ እንኳ አያስጨርስም? ሰውዬው ጎረቤት የለውም?»

«ይኖረዋል» አልኩ፤ ሳላስበው ኮስተር ብዬ፣ ግንባሬን እየጠረግኩ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እኮ የሞከርኩት ከምሬ ነው። በዚህ ወገብ ጤና ጣቢያ ተሰልፌ መዋል አልቻልኩም።»

ያን ጊዜ አፈርኩ። ኮንትራቴ ከልቤ ወጣ።

ሁሉንም አስተካክዬ ወደ አዴ ተመለስኩ። ጎረቤታቸውን ሰላም እያሉ፣ እየሳቁ ቀጠሯቸውን ያዙ። አለቃዬም ኮንትራቴን አድሶልኝ ስለነበር ደረቴን ነፋ አድርጌ ቆምኩ።

«የአዲስ አበባው ሰውዬ ጎበዝ ነው» አሉ፣ ቀና ብለው እያዩኝ። «ያን ቀን ግንባርህን ሲያልብህ ባላይ ኖሮ የቀረውንም እነግርህ ነበር።»

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። «ይንገሩኝ» አልኳቸው።