ከኮምፒውተሩ ኋላ የበራው አምፖል

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በድንገት ወረደና መንገደኛው ሁሉ በየሱቁ በረንዳ ተጠጋ። ይህን የሚጽፈው ሰው የጽዋ ማኅበሩን የጥሪ ወረቀት ሊያስጽፍ ወደ ዐዚዛ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እየሄደ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ ሲያራግፍ ዓይኑ ወደ ውስጥ ሄደ።

የቤቱ ባለቤት ዐዚዛ በበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ተቀምጣ ከትክል ድንጋይ አካባቢ የመጡ አንድ ገበሬ የመሬት ጉዳያቸውን ሲነግሯት ታዳምጣለች። ሻይ አዟሪዋ ትኩሱን ብርጭቆ ከግራ ክንዷ አጠገብ አስቀምጣላት ሄደች። ጥጉ ላይ ኮምፒውተር የምትጽፈው ወይንሸት ሥራዋን አቋርጣ ተነሣች። ኮቴዋን ሳታሰማ መጣችና ብርጭቆውን ከግራ አንሥታ ከዐዚዛ ፊት ለፊት ባለች ጠረጴዛ ላይ አኖረችው፤ ከዚያ ተመልሳ መጻፏን ቀጠለች። ዐዚዛ አላየችም። ጥቂት ቆይታ እጇን ስትዘረጋ ሻይዋን አገኘችው። መጀመሪያም እዚያ የተቀመጠ የመሰላት ትመስል ነበር።

ያ ብርጭቆ ለምን ከግራ ወደ ፊት እንደ ዞረ ለመናገር የዐዚዛን ነገር ከሥሩ ማንሣት ግድ ይላል።

ዐዚዛ የጎንደር ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ያሕያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። እሷን ግን ንግዱ አልሳባትም። በጽሕፈት መኪና መጻፍ ተማረችና መሥሪያ ቤት ገባች። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ ተበተነ፤ እሷም ቤቷ ገባች። ብዙም ሳትቆይ አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ይዛ፣ ጣሊያን ከሠራው ወፍራም የድንጋይ ቤት ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። አላገባችም። ለምን የሚላት ሲኖር «የሰው የጋብቻ ውል ስጽፍ የራሴ ተራ አለፈኝ» ብላ ታስቃለች።

የምትጽፈው አቤቱታ ነው፣ ኑዛዜ ነው፣ የሠርግ ጥሪ ነው፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው ከመጣ የጻፈችለትን ሁለት ጊዜ ታነብለታለች። «እንዲህ ነው ያሉኝ፣ አያ?» ትላለች። «ኧረ እንዲያ አላልሁም» ካሏት ገጹን ቀድዳ ትጥልና እንደገና ትጀምረዋለች። ሰው ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ወረቀት ላይ ሲያርፍለት ደስ ይለዋል። አገሬው ከሩቅ እየመጣ እሷን የሚጠይቀው በዚህ ነበር።

በ1996 ሆዱ እንደ ቴሌቪዥን የገፋ ኮምፒውተር ገዛች። የመንገዱ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እያረፈ ፊደሉን ቢያደበዝዝባት ዕቃውን ገፍታ ገፍታ፣ በቀትር እንኳ ወደሚጨልመው ጥግ አስገባችው። ድካሙ ያን ጊዜ መጣ። በዚያ ጨለማ ስክሪኑ ብቻውን ቦግ ብሎ ይውላል። ዓይኗ ከብርሃኑ ወደ ጨለማው፣ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ ሲመላለስ ውሎ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከቅንድቧ በላይ ይወግራታል። አሸዋ የገባበት ያህል ይቆጠቁጣታል፤ እንባዋም በራሱ ይወርዳል።

መላውን ያመጡላት መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። እኒህ አባት ለደቀ መዛሙርታቸው የሚያድሉትን ዚቅ፣ የግዕዙን የዜማ ድርሰት፣ የሚያስጽፉት እሷ ዘንድ ነበር።

«ግዕዙን ከኔ ተማሪዎች አሳምረሽ ጻፍሽው» ይሏታል።

«እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ የኔታ። ምሥጢሩን ለእርስዎ ትቻለሁ።»

አንድ ቀን እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ደረሱ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ያስለቅስሻል?»

«ይኼ ነዋ!» አለች ወደ ስክሪኑ እያመለከተች። «እንደ ክፉ ባል ጠዋት ማታ ያስለቅሰኛል።»

መሪጌታ አንገታቸውን አስግገው ጥጉን አዩት። «ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ የጨለማው ነው። እኛ የቆሎ ተማሪ ሳለን ጎጆ ውስጥ ጧፍ ብቻ አብርተን መጽሐፍ ስናይ ዓይናችን ይነድ ነበር። መምህራችን ምን ይሉን ነበር? ‹ምድጃውንም አንድዱት!› እሳቱ ሲነድ ግድግዳው ይበራል፤ ግድግዳው ሲበራ ዓይን ያርፋል። ከዚህ ዕቃ ኋላ መብራት አድርጊ። አምፖሉ ራሱ አይታይሽ፤ ግድግዳውን ያብራ እንጂ።»

ያሕያ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ከኮምፒውተር ኋላ አምፖል? ማን ሊያነብበት ነው፣ እታለም? አይጡ?»

«አይጡም ቢያነብ ምን አለበት፤ ስንቱ ሰው ሳያነብ ይኖር የለም!»

ያሕያ እየሳቀም ቢሆን ሠራላት። ባለ አርባ ሻማ አምፖል አመጣ፤ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ከለላ አበጀለትና ከስክሪኑ ጀርባ አሰረው። ግድግዳውን ኖራ ቀባው። ሲያበሩት አምፖሉ አይታይም፤ ብቻ በስክሪኑ ዙሪያ ግድግዳው እንደ ጎሕ ፈካ። ዐዚዛ ተቀመጠችና አንድ ገጽ ጻፈች። ሁለተኛ ጻፈች። ቀና ብላ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ሳምንት ሳይሞላ ራስ ምታቱ ተዋት፤ እንባውም ደረቀ። ያንን መብራት ያዩ ሌሎች ጸሐፊዎችም በየሱቃቸው አደረጉት፤ ተጠቀሙበት። ነገሩ እውነት ነውና እስከ ዛሬ የሚያመሰግኗት አሉ።

ከመብራቱ በፊት ዐዚዛ የዓይን ሐኪም ዘንድ ልትሄድ ቆርጣ ነበር። የምትሄድበትን ቀን ሳይቀር ለያሕያ ነግራዋለች። ሕመሙ ሲተዋት ቀኑን ወደ ፋሲካ ማግሥት አስተላለፈችው፤ የየማኅበሩ የጥሪ ወረቀት ተከምሮባት ነበርና። ከዚያ ወደ ረመዳን ማግሥት። ከዚያ ተረሳ። ደኅና የሆነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ሊሠራ ይሄዳል?

ዓመታት አለፉ። ወይንሸት የምትባል፣ ባሏ የሞተባት የሁለት ልጆች እናት አጠገቧ ሁለተኛ ኮምፒውተር ይዛ መሥራት ጀመረች። ሁለቱም ሥራውን እንጀራዬ ብለው ያዙት። በዚህ መካከል ዐዚዛ ብርጭቆ መስበር አበዛች። ከግራ የተቀመጠላትን ሁሉ በክርኗ ትደፋለች። ትከሻዋ ከበሩ መቃን ይጋጫል። አንድ ቀን የአዘዞ ሚኒባስ ልትይዝ መንገድ ስትሻገር ባጃጅ ለጥቂት ሳታት።

«እናቴ፣ ምነው! ሰማይ ሰማይ ነው እንዴ የሚያዩት?» ብሎ ጮኸባት ሹፌሩ።

«አንተ ከየት መጣህ? ከመሬት በቀልህ?» አለች በድንጋጤ። እውነትም ከመሬት የበቀለ ነው የመሰላት። ቤቷ ገብታ፣ እርጅና መጣ ማለት ነው ብላ በራሷ ሳቀች። ፊደሉን ግን እንደ ድሮው አጥርታ ታየው ነበርና ዓይኗን አልጠረጠረችም።

በ2005 ኅዳር ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ኑዛዜ እየጻፈች ድንገት ቆመች።

«ወይንሸት፣ የኋላውን መብራት ምነው አጠፋሽው?»

«ኧረ በርቷል፣ እትዬ።»

«አትቀልጂብኝ እንጂ።»

«ምን በወጣኝ! በእርስዎም ይሁን በእኔ ሃይማኖት ልማል?»

«እንግዲያው ተቃጥሏል» አለችና ለያሕያ ደወለች። ሱቁ ቅርብ ነው፤ አዲስ አምፖል ይዞ መጣ። በበሩ ገና ሲገባ ግድግዳው ቦግ ብሎ አየውና ሳቁን ለቀቀው።

«እታለም፣ ለፀሐይም አምፖል ላምጣላት?»

ዐዚዛ ወደ ሳቁ ፊቷን መለሰች፤ ስትዞርም ግድግዳው ላይ ብርሃኑን አየችው። በርቷል። ወደ ፊደሉ ተመለሰች፤ ጠፋ። እንደገና ዞረች፤ አለ። ተመለሰች፤ የለም። ስክሪኑ አለ፣ ፊደሉ አለ፣ በዙሪያው ግን ጥቁር ነው። እንደ ልጅ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ ስታመላልስ ያሕያ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። አምፖሉን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እስኪ ተነሺ» አላት፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር። «እንሂድ።»

ሐኪሙ ረጅም ጊዜ መረመራት። የዓይኗ ግፊት ከልክ በላይ እንደ ሆነ፣ በሽታው ግላኮማ እንደሚባል ነገራት። ከዳር ዳር እየበላ ወደ መሐል የሚመጣ፣ ሳይቆጠቁጥ የሚሠራ፣ ሰው ራሱ እስኪያውቀው ብዙውን ወስዶ የሚያድር ነው አላት። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ ሊያቆዩት ይሞክራሉ።

«ከመብራቱ ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«አይደለም። መብራቱ ድካምሽን አስታግሶልሻል፤ ደግ አድርገሻል። በሽታው ግን ሌላ ነው። ቀድመሽ ብትመጪ መልካም ነበር።»

መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ይህን ሰምተው መቋሚያቸውን ተመርኩዘው መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አለቀሱ።

«ምክሬ ነው ያዘናጋሽ ልጄ። ባታርፊ ኖሮ ሐኪም ቤት ትሄጂ ነበር።»

«የለም፣ የኔታ» አለች፤ እጃቸውን ፈልጋ ያዘች። «እርስዎ እረፍት ሰጡኝ። እረፍቱን ጤና ነው ያልሁት እኔ ነኝ።»

ጠብታውን ሰዓቱን ሳታዛንፍ አደረገች። ቢሆንም ዓለሟ በየዓመቱ ጠበበ። መጀመሪያ እንደ መስኮት፣ ኋላ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ። በ2008 ግራ ዓይኗ ጨርሶ ሄደ፤ በቀኙ የሰው ፊት ግማሹን ታያለች። አንድ ጠዋት «አ» እና «እ»ን መለየት አቃታት። እጇን ከፊደሎቹ ላይ አነሣች፣ ወንበሩን ለወይንሸት ለቀቀችና ወደ አግዳሚው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ባለጉዳይ የሚያናግር እሷ ናት፤ ነገሩን አጣርታ ትሰማለች፣ በቃሏ ትናገራለች፣ ወይንሸት ትጽፋለች። አቤቱታዋ ዛሬም ሸጋ ነው ይላል አገሬው። እግዚአብሔር በር ሲዘጋ ጭላንጭል አይነሣምና፣ ጆሮዋንና አንደበቷን ተወላት።

ያን የነሐሴ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ገበሬው ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። ወይንሸትም ወረቀት አልቆባት ልትገዛ ወጣ አለች። ዐዚዛ ኮቴዋ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ተነሣችና በመዳፏ ግድግዳውን እየዳበሰች እስከ ጥጉ ሄደች፤ ከኮምፒውተሩ ኋላ ያለውን ቆርቆሮ ነካችው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።

የማኅበሩን ወረቀት ሊያስጽፍ የመጣውና ውስጥ ገብቶ ተራውን ሲጠብቅ የነበረው ሰው ቀና ብሎ አየ። ግድግዳው ጨለማ ነበር፤ ስክሪኑ ብቻውን ቦግ ብሏል።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ምን ችግር አለው፣ እትዬ።»

«እኔ ከወንበሩ ከተነሣሁ ወዲህ ወይንሸት መብራቱን አታበራውም። ስጠይቃት ረሳሁት ትላለች። አልረሳችም። እኔ በማላየው ብርሃን ተቀምጦ መሥራት ከብዷት ነው። ደግ ናት፤ ሻዬን ከግራዬ እያነሣች ፊቴ እንደምታኖረው የማላውቅ ይመስላታል።» ፈገግ አለች። «እኔ ከደገምሁት ታለቅስብኛለች። አንተ ግን ደንበኛ ነህ፤ እሷ የደንበኛ ቃል አትጥልም። አብሪው በልልኝ።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ።»

«ገና አልጨረስሁም። እሷም በመብራቱ እንዳትዘናጋ። ፊቷን ሳታዞር፣ ፊደሉን እያየች፣ ግድግዳው በግራም በቀኝም ይታይሻል ወይ ብለህ ጠይቃት። አይታየኝም ካለች አትሳቅ። ይታየኛል ብትልም እንዳታምናት፤ በዚህ ሳምንት ዓይኗን ታስመርምር፤ አንተ ይዘሃት ሂድልኝ። እኔም ይታየኛል እያልሁ ነው የሄደብኝ።»

ከደጅ ኮቴ ተሰማ። ዐዚዛ ጆሮዋን አቀናች፤ ቆርቆሮውን ለቀቀችና ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ አግዳሚዋ ተመለሰች።

«መጣች» አለች በሹክሹክታ። «በል፣ አሁን ጠይቅልኝ።»