የዓርቡ ወተት

እኔ እሺ ስል ያደግኩ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤት የሌላውን ሰው ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሲከምሩብኝ እሺ፣ ሠርግ ላይ ጠግቤ ሳለ ሲያጎርሱኝ እሺ፣ ልብስ ሰፊው ቀሚሴን አበላሽቶ «አማረብሽ» ሲለኝም እሺ። ጅጅጋ ውስጥ ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ከማንም ተጣልቼ አላውቅም፤ ይህንንም እንደ ጥሩ ጸባይ እቆጥረው ነበር። አንድ ሰሞን ራስን ስለ መለወጥ የሚያወሩ መጻሕፍት ማንበብ ጀምሬ «እምቢ ማለትን ልመዱ» የሚለውን ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ አሰመርኩበት። መጽሐፉን ራሱ የገዛሁት ሻጩን እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው።

በ2010 ክረምት ከተማችን በተረበሸች ጊዜ እናቴና እኔ ሦስት ቀን ጎረቤታችን ቤት ተጠለልን። ጎረቤታችን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሶማሌ ናቸው። ኤዶ እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ምንጣፍ አነጠፉልን፤ ከውጭ ጩኸት በመጣ ቁጥር ወንበር ይዘው በሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። ክርስቲያን የእስላም ሥጋ እንደማይበላ ስለሚያውቁ ፓስታ በድንች ሠሩልን። የወተቱን ነገር ግን አላሰቡትም፤ በመጀመሪያው ቀን በሁለት ብርጭቆ የግመል ወተት አቀረቡልን። በእኛ ቤት ወግ የግመል ወተት አይቀመስም። እናቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ አፏ አስጠጋችና «በጣም ነው የምንወደው» አለች። በር ላይ ተቀምጣ ለምትጠብቃት ሴት ሌላ ምን ትበል? ኤዶ ለሶላት ሲነሡ ሁለታችንም ወተታችንን መታጠቢያው ውስጥ ደፋነው።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ አንዲት ክዳን ያላት ጆግ ወተት ሞልታ ቤታችን መምጣት ጀመረች። ወተቱን የምትልክላቸው ቀብሪበያ ያለች ታናሽ እህታቸው ናት። እናቴ አመስግና ትቀበላለች፣ ጓሮ ወስዳ ትደፋለች፣ ጆጓን ታጥባለች። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ ስኳር ትሞላባትና ትመልሳለች። ከሁለት ዓመት በኋላ እናቴ ስታርፍ መድፋቱም ስኳር መሙላቱም ለእኔ ተላለፈ። ኤዶ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አባዮ፣ ወተቱ ጥሩ ነበር?» ይሉኛል፤ እህቴ ሆይ ማለታቸው ነው። «ጥሩ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ውኃ መጥፋት አውርቼ ተመለስኩ።

ኮሮናው ጋብ ካለ በኋላ ዝናብ ጠፋ። ገበያ ላይ ወተት ተወደደ፤ ከገጠር የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሞቱ ከብቶች ነበር። ጆጓ ግን ዓርብ ቀርታ አታውቅም። እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ መሞላት ጀመረች እንጂ መጣች፤ እኔም ግማሹን ደፋሁ።

በዚያው ሰሞን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ቀብሪበያ ልሄድ ስል ኤዶ ለእህታቸው የማደርሰው አንድ ከረጢት ሰጡኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወሰድኩት። እህታቸው ከተማ የተማረች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ አይተናነስም። ከረጢቱን ፈታ ውስጡን አይታ ሳቀች።

«ይሄ ያንቺ ስኳር ነው» አለችኝ። «እህቴ ስኳር በሽታ ስላለባት አትቀምሰውም። እንዳይከፋሽ ትቀበልና ወደ እኛ ትልከዋለች።»

እኔም መሳቅ ጀመርኩ። ስድስት ኪሎ የሚሆን ስኳር ተሸክሜ ራሴ ለራሴ ተላላኪ መሆኔ ነው። ሳቄን ሳልጨርስ ቀጠለች።

«የግመል ወተቱ ለእሷ ይስማማታል። አሁን የምትታለብ አንዲት ግመል ብቻ ናት የቀረችን፤ ከልጆቹ ቀንሼ ነው የምልክላት። እሷ ደግሞ ግማሹን ላንቺ ትሰጣለች። ለምን ስላት፣ ጎረቤቴ ትወደዋለች፣ እናቷም ትወደው ነበር ትለኛለች።»

ወደ ጅጅጋ ስመለስ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አፈርኩ። መጀመሪያ እናቴን ተቆጣኋት፤ ቀጥሎ አዘንኩላት። እሷ ያን ቃል የተናገረችው ነፍሷ በተጨነቀችበት ቀን ነው። እኔ ግን ምንም በማያስፈራበት ቀን፣ ሻሽ አስሬ፣ ፈገግ ብዬ፣ ሳምንት በሳምንት ደገምኩት። የደፋሁት ከልጆች አፍ የተቀነሰ፣ የታመመ ሰው የሚፈልገው ወተት ነው። ብነግራቸው ያለኝን አንድ ሰው ላጣ ነው። ባልነግራቸው ደግሞ ዓርብ ሊመጣ ነው።

በማግሥቱ ከአሥር ሰዓቱ ሶላት በኋላ ሄድኩ። ኤዶ በረንዳቸው ላይ ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ ነበር።

«ኤዶ፣ እኔ የግመል ወተት አልጠጣም» አልኩ፣ ሳልቀመጥ። «በእኛ ወግ አይጠጣም። እናቴም ጠጥታው አታውቅም። ይሉኝታ ይዞን ነው።»

«ታዲያ የት ይሄዳል?»

«እደፋዋለሁ።»

«በድርቁም?»

«በድርቁም።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሙስበሃቸውን ሰበሰቡና «ዝናብ ሲጠፋ እንኳን አልነገርሽኝም» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። የበሩ መጋረጃ ወርዶ እስኪቆም ቆሜ አየሁት።

በሚቀጥለው ዓርብ ጆጓ አልመጣችም፤ በሌላኛውም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ ወዲያ የለም። መጽሐፌ እውነትን የተናገረ ሰው ሸክሙ ይቀልለታል ይላል። እኔን አልቀለለኝም። ከኤዶ በቀር ሳምንቱን ሙሉ በሬን የሚያንኳኳ ሰው እንደሌለኝ ያን ጊዜ አወቅሁ። ለሁሉም እሺ እያልኩ ኖሬ ከሁሉም አንድ እሳቸው ብቻ ነበሩኝ። ቢሆንም «ባልተናገርኩት ኖሮ» ብዬ አላሰብኩም፤ ይህ ለራሴም ገረመኝ።

በአራተኛው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኤዶ ናቸው፤ በእጃቸው ምንም አልያዙም። ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«ተናድጄ ነበር» አሉ። «ለወተቱ አይደለም። ወተት ይመጣል፣ ይሄዳል። አራት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴን አውቃታለሁ እል ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ብያለሁ። አሁን አንቺ ንገሪኝ፤ ምንድን ነው የምትወጂው?»

ሻይ ልል ነበር። ሻይ የምጠጣው ግን ቢሮ ውስጥ ሁሉም ስለሚጠጣ ነው። ሩዝ ልል አሰብኩ፤ ሩዝ የምትወደው እናቴ ነበረች። ይህን አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። እንባዬ መጣ።

«አላውቅም፣ ኤዶ» አልኩ።

«ችግር የለም» አሉና እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰበሰቡ። «አስቢ። እኔ አልቸኩልም።»